ሰማዩን በሰም የደፈንኩ ዕለት

ይድረስ ለማከብርዎና ለምሳሳልዎ አባቴ፤

እንደምን ከረሙልኝ? ጉልበትዎ ተሻለው? ሳሉስ ለቀቀዎ? እማዬስ ደኅና ናት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለብኝ። በየደብዳቤዎ ከትምህርት ቤት ያስቀረሁሽ እኔ ነኝ እያሉ ራስዎን ይወቅሳሉ፤ ዛሬ ግን የምሥራች ይዣለሁና ይስሙኝ።

የማጸዳው አዳራሽ ጣሪያው እንደ ድስት ክዳን ነው። መሃሉ ላይ በጥቃቅን ቀዳዳ የተወጋጋ የብረት ኳስ አለ፤ ውስጡ መብራት ሲበራ ጣሪያው በኮከብ ይሞላል። ሰው በጠራራ ፀሐይ ይገባና ኮከብ ቆጥሮ ይወጣል።

ልጅዎ ታዲያ እንግዳ ይመጣል ሲባል፣ ኳሱን የወለል ሰም ቀብታ አብለጨለጨችው። ቀዳዳው ሁሉ ተደፈነ! መብራቱ ቢበራ ሰማዩ ድቅድቅ ጨለማ። የእንጀራ ገመዴ ተበጠሰ አልኩ፤ ቢሆንም ጥፋቴን ራሴ ተናገርኩ።

ለእንግዶች ስለ ሰማይ የሚያስረዱት ሽማግሌ፣ ባለ ካፖርቱ የምንላቸው፣ መርፌ ሰጡኝና አብረውኝ ተቀመጡ። ሰሙን ከየቀዳዳው ለመልቀም ሦስት ቀን ፈጀብን፤ እሳቸውም ኮከብ እንዴት እንደሚወለድ ያጫውቱኝ ነበር። አባዬ፣ ጉድ እኮ ነው! በሰማይ ቀዝቃዛ የጋዝና የአቧራ ደመና አለ። በገዛ ክብደቱ እየተሰበሰበና እየጋለ ይሄድና መሃሉ ሲቀጣጠል ኮከብ ይሆናል። ከአንዱ ደመና ብዙ ወንድማማች ይወለዳል። ትልልቆቹ ፈንድተው ሲሞቱ የበተኑት ደግሞ ለሌላው መወለጃ ይሆናል። በቢሊዮን የሚቆጠሩ ኮከቦች ሲሰበሰቡ ጋላክሲ ይባላሉ፤ ትንንሾቹ ጋላክሲዎችም እየተሳሳቡ አንድ ትልቅ ይሆናሉ። ዕድሜ ልኬን በመጥረጊያ ያሳደድኩት አቧራ ይህን ያህል ክብር አለው ወይ ብላቸው፣ አብዛኛው እንኳ ጋዝ ነው፣ ሙያሽን አታጋኚ ብለው ሳቁብኝ።

በመጨረሻው ቀን እስቲ አንቺ ንገሪኝ አሉኝ። ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና አለቆቹ ዘንድ ሄደው ይህች ልጅ ትፈተን አሉ። ሦስት አለቆች ፊት ቆሜ ጀመርኩ፤ ጋላክሲዎቹ ጋ ስደርስ ግን ፈተና ላይ መሆኔንም ረሳሁት። አለፍኩ! ከሰኞ ጀምሮ ለተማሪዎች የማስረዳው እኔ ነኝ።

እማዬን ሁለት ጉንጯን ይሳሙልኝ። ታላቅ ወንድሜን ሚስት እስኪያገኝ እንዳይሸብት ይምከሩልኝ። ታናሽ እኅቴን የተውኩላትን ቀሚስ በደስታ ትልበሰው ይበሏት። አክስቴን ምርቃቷ ደርሶኛል ይበሉልኝ።

እርስዎ ግን አባዬ፣ ከትምህርት ቤት የቀረሁበትን የዚያን ዓመት ነገር ከልብዎ ያውጡት። ልጅዎ አስተማሪ ሆናለች።

ከአዳራሹ ጓዳ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን