ስለ ልጄ አንገት ለሆስፒታላችን ሥራ አስኪያጅ

ይድረስ ለክቡር ሚስተር ኦርቪል ታክቤሪ፣ የከተማችን ሆስፒታል ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በተለይ ጉሮሮዎ ደህና እንዲሆንልዎ ከልብ እመኛለሁ፤ እርስዎ በሚያስተዳድሩት ቤት ጉሮሮን መታመም ምን እንደሚያስከትል የማውቅ ሰው ነኝና።

ሌስያ ሃናቹክ እባላለሁ፤ ከስንዴ እርሻዎቹ ማዶ የምኖር፣ የሦስት ዓመቷ የዳርካ እናት ነኝ። የማመሰግንዎት ነገር ስለበዛ በቁጥር ላስቀምጠው።

፩ኛ. ልጄ ትኩሳት ይዟት፣ ምራቋን መዋጥ አቅቷት፣ አንገቷ ወደ አንድ ጎን ተጣሞ አልዞር ሲላት ወደ ሆስፒታልዎ ይዣት ብመጣ፣ ሐኪምዎ ዶክተር ሃስኬት አፏን እንኳ ሳያስከፍቱ «አይዞሽ እናቷ፣ ጉንፋን ነው፤ አይስክሬም ስጫትና ይለቃታል» ብለው በፈገግታ ስለሸኙን አመሰግናለሁ። አይስክሬሙን ሰጠኋት፤ በአገጯ ላይ ፈሰሰ።

፪ኛ. በማግስቱ ብሶባት ተመልሼ «አንገቷ አብጧል፣ እባክዎ በእጅዎ ይንኩት» ብዬ ስለምናቸው፣ «ኢንተርኔት ላይ ያነበብሽውን ተይውና እረፍት አድርጊ፤ ከልጅቷ ይልቅ የታመምሽው አንቺ ነሽ» በማለት ለእኔ ጤና ስላሳዩት አሳቢነት ምስጋናዬ የላቀ ነው። ነርሷም ስቃለች፤ ሳቋ ያምራል።

፫ኛ. ለዚህኛው ቃል ያጥረኛል። በሦስተኛው ቀን፣ ቁርስ ሰዓት ጭኔ ላይ እንደተቀመጠች «እማ» አለችኝና ከአፏ ደም ገነፈለ። ከጉሮሮዋ ጀርባ የተቋጠረው መግል ወደ አንጎል ደም የሚወስደውን ትልቁን የደም ሥር በልቶት ኖሯል። በአውሮፕላን ሳስካቱን ከተማ ወዳለው ትልቅ ሆስፒታል አድርሰዋት፣ እዚያ ያሉት ሐኪሞች የደም ሥሩን ዘግተው ሕይወቷን አተረፉልኝ። አንጎሏ ግን ደም አጥሮት ስለነበር ከዚያ ወዲህ «እማ» ብላኝ አታውቅም፤ ምንም ብላ አታውቅም።

ቢሮዎ «እጅግ ያልተለመደ ችግር በመሆኑ ማንም ሊጠረጥረው አይችልም» ሲል ስላጽናናኝ እጅ እነሳለሁ። እውነትዎን ነው፤ የሳስካቱኗ ቀዶ ሐኪምም ብርቅ ነው ብላኛለች። የጨመረችው ነገር ቢኖር፣ አንገቷን የነካ ሰው እብጠቱን አያጣውም ነበር፣ የሚለውን ብቻ ነው።

ክቡርነትዎ የልጅ ልጆች እንዳሉዎት ሰምቻለሁ። ጉሮሯቸውን ባመማቸው ቀን ሌላ ቦታ ሳይንከራተቱ ወደ ራስዎ ሆስፒታል እንዲወስዷቸውና ዶክተር ሃስኬት በተለመደው ፈገግታቸው እንዲቀበሏቸው ምኞቴ ነው።

ለእርስዎ ያለኝን አክብሮት በምን እንደምገልጽ ገና እያሰብኩ ያለሁት፣
ሌስያ ሃናቹክ

ማሳሰቢያ፦ አዲሱን የሕፃናት ክፍል ስታስመርቁ ዳርካ ሪባን እንድትቆርጥላችሁ ጠይቃችኋል። በደስታ ትመጣለች። መቀሱ ብቻ በግራ እጅ የሚያዝ ይሁን፤ ቀኝ እጇ አይዘረጋም።