ለአባቴ ስለተሰጠው የክብር ወንበር

ሐረር፣ መጋቢት ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ለክቡር የጽሕፈት ቤቱ ሹም፣

ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና እንዲሆን እየተመኘሁ እጅ እነሣለሁ። እኔ የደብዳቤ አድራሽዎ የአቶ ተክለጻድቅ ልጅ ጽጌሬዳ ነኝ። ፊትዎ ቆሜ መናገር ስለሚያሳፍረኝ ይህንን በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ሌላም ሰው ቢያነበው ቅር አይለኝም።

አባቴ ሃያ ዓመት ሙሉ የጽሕፈት ቤቱን ደብዳቤ ይዞ ከጀጎል እስከ ድሬ ጠያራ በእግሩ ተመላልሷል። ከሁለት ዓመት በፊት ግን እርስዎ በዚህ ዕድሜው አቧራ ለብሶ መታየቱ ለመሥሪያ ቤቱ ነውር ነው ብለው፣ ትራስ ያለው ወንበር በደጅዎ አኑረው፣ መመላለሻ ጋሪም ጨምረው፣ እርስዎ ሲያልፉ ካልሆነ በቀር እንዳይነሣ አዘዙ። እኛም ለዚህ ክብር ደግሰን ነበር። ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው።

፩ኛ፤ ስለ እግሩ። ጫማው አያልቅም፤ ቁርጭምጭሚቱ ስላበጠ አይገባለትም።

፪ኛ፤ ስለ ሆዱ። ከመንገድ ሲገባ ድስት ይጠርግ የነበረው ሰው ዛሬ ሁለት ጉርሻ ሲውጥ ሆዴ ተነፋ ይላል።

፫ኛ፤ ስለ ልቡ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር አቶ ጀማል ደረቱን ብዙ ካዳመጠ በኋላ፣ ልብም እንደ እግር ጡንቻ መሆኑን፣ ሥራ ካጣ እንደሚሰንፍ፣ ደሙን መግፋት ሲያቅተው ውኃው ወደ እግር እንደሚወርድ ነገረን። «ቀስ እያሉ ይራመዱ፤ አለዚያ ክረምቱን እንጃ» አለው። አባቴ ሳቀ። «ሹሙ ያስቀመጡኝን አንተ ልታስነሣኝ ነው?» አለ። እቤትም ውኃ ለመቅዳት እንኳ አይነሣም፤ የተከበረ ሰው ሲንጎራደድ ጎረቤት እንዳያየው።

ቀድሞ ከጀጎል ግንብ ፈላና በር ሲመጣ በእርምጃው አውቀው ነበር። አሁን በግድግዳው በኩል የምሰማው ትንፋሹን ነው። አንዳንዴ መካከል ላይ ይቋረጣል፤ እስኪመለስ እቆጥራለሁ። ትናንት እስከ ዘጠኝ ቆጠርኩ።

፬ኛ የለኝም፤ ልመና ብቻ። አባቴ ትእዛዝ እንጂ ምክር አይሰማምና፣ በየጠዋቱ አንድ ፖስታ ሰጥተው እስከ ፈላና በር ድረስ ብቻ በእግሩ ይላኩልኝ። ባዶ ቢሆንም አያውቅም፤ በሃያ ዓመት አንድም ከፍቶ አያውቅም።

ከቸርነትዎ ጥላ ሥር ሆና ትንፋሽ የምትቆጥር ታዛዥዎ፣
ጽጌሬዳ ተክለጻድቅ

ማሳሰቢያ፤ ይህንን ስለጥፍ እርስዎ ደረጃውን ይወጡ ነበር። ዐሥራ አንድ ደረጃ ነው፤ ሁለት ጊዜ ቆመው ተነፈሱ። አባቴም እንደ ትእዛዝዎ ተነሥቶ ጠበቀዎት፤ ሁለታችሁም ግድግዳውን ይዛችሁ ነበር። ወንበሩ ባዶ የሚሆንበት ቀን ከመጣ፣ እባክዎ ትራሱን አያስነሡት፤ ቀጥሎ የሚቀመጥበት ሰው ከሩቅ የሚመጣ አይመስለኝም።