ምስማሮቹን ንቀይልኝ

ለውድ እታለም፣ ለቤታችን አዛዥ፣ ለዚያው ቤት ብቸኛ ወታደር፤

እንደምን ከረምሽልኝ? ወገብሽ ከወሊዱ ወዲህ ተሻለው ወይስ አሁንም እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ይላል? የእማዬ ጉልበትስ እንዴት ነው? ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሬዲዮው ቀድሞ መናገሩን አልተወም? ጋሼስ፣ ከእንቅልፉ ቀድሞ የሚጀምረው ማንኮራፋቱ ደህና ነው? ልጅሽ ድቡልቡሊትስ? አንገቷ ጠናላት? በደንብ ትጠባለች? ክብደቷ ይጨምራል? አያስላትም? ይህችን የመጨረሻ ጥያቄ እንደገና አንብቢያት። ደብዳቤው የተጻፈው ለእሷ ሲባል ነው።

በስልክ ልነግርሽ ደጋግሜ ደውዬ ነበር። ድምፅሽን ስሰማ አፌ ወደለመደበት ይሮጣል። ባለፈው እንደ ቆጣሪ አንባቢ ድምፄን አጎርንኜ «እመቤት፣ ቆጣሪሽ ሊነሳ ነው» ስልሽ ሰድበሽኝ ስልኩን የዘጋሽብኝ ዕለት ነበር ልነግርሽ የነበረው። ወረቀት አይስቅልኝም፣ አይሰድበኝምም፤ ስለዚህ ለወረቀት ልናገር። መጀመሪያ ለብቻሽ አንብቢው፣ ለእማዬ ደግሞ እንደሚሆን አድርገሽ ንገሪያት። በመቆንጠጫ አትያዢው ታዲያ፤ በደብዳቤ አይተላለፍም፣ ነርሷን ጠይቄያለሁ።

እታለም፣ ሳንባ ነቀርሳ ይዞኛል። ድቡልቡሊት የተወለደች ሰሞን መጥቼ ሳስል «የጆንያ ብናኝ ነው፣ ሥራ ያለው ሰው ሳል ነው» ብዬ የቀለድኩበት፣ ብናኝ አልነበረም።

ስለ ስፌት ቤቱ ስነግርሽ ክፍላችንን አሳምሬ ነበር የነገርኩሽ። አሁን እንዳለ ልንገርሽ። ጆንያ የምንሰፋበት ቤት ያለው ከትልቁ መንገድ ሥር፣ ጎድጓዳው ውስጥ ነው። የመኪናው ጭስና አቧራ ወደ እኛ ይወርድና መውጫ እንዳጣ እንግዳ እዚያው ያድራል። ከጀርባው የእኛ ክፍሎች እንደ ክብሪት ቀፎ ጀርባ ለጀርባ ተጣብቀው ይደረደራሉ። በእኛ ክፍል ስምንት ሰው አራት ፍራሽ ላይ ይኖራል፤ የቀን ፈረቃው ሲነሳ የሌሊቱ በሙቀቱ ላይ ይተኛበታል። ፍራሻችን ቀዝቅዞ አያውቅም። መስኮቱ አንድ ነው፣ የትሪ ያህል። ከሥሩ የሚተኛው የተቀደደ ጆንያ የሚጠግነው ሽማግሌ ነው። በብርድ እየተነሳ መስኮት ስለሚከፍት «አባ ንፋስ» ብዬ ስም አወጣሁለት፤ ስሙም ጸደቀለት።

አንድ ቀን እሱ ሥራ ላይ ሳለ መስኮቱን ዙሪያውን በማሸጊያ ፕላስተር ለጠፍኩትና «መስኮት የከፈተ ከክፍሉ ይባረራል። ባለቤቱ» የሚል ወረቀት ሰቀልኩበት። ባለቤቱ እንደዚያ ዓይነት ሰው ስለሆነ ማንም አልተጠራጠረም። ሽማግሌው አንብቦ ራሱን ነቀነቀና ፍራሹን ጎትቶ አፍንጫውን በበሩ ስንጥቅ ሥር አድርጎ መተኛት ጀመረ። ሌሎቻችን በሙቀቱ ተደሰትን። እኔ የቀልዱ ባለቤት መሆኔን ላመንኩት ሁሉ በጆሮው እየነገርኩ ጀግና ሆንኩ።

ከዚያ ጆንያ ቆራጩ ማሳል ጀመረ፤ ከጥጉ፣ ከእኔ ጎን የሚተኛው ነው። እኔ ሆዬ ሳሉን አጠናሁት። እሱ አንድ ሲስል እኔ ሁለት እየመለስኩ «ዲጄው ጀመረ!» ስል ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። የሥራ አለቃችን ካቦው ደግሞ በበኩሉ «የሚያስለው እቤቱ ሄዶ ይሳል፣ ተተኪው በር ላይ ቆሟል» ይላል። ሰውዬው በእኔ ቀልድና በካቦው አፍ መሃል ሆኖ የሚያስልበት ቦታ አጣ። ትራስ ነክሶ ማሳል ጀመረ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኛ ግን ነን ያስደበቅነው። በመጨረሻ የሚቆርጠው ጆንያ ላይ ደም ተፋ፣ ያኔ መደበቁ ቀረ።

ነርሷ ከጤና ጣቢያ መጣችና ሁላችንንም በየዕቃው አክታ አስተፋችን። ያኔም አላረፍኩም፣ በእኔው ዕቃ ላይ «ንጹሕ ማር» ብዬ ጻፍኩበት። ውጤቱ ሲመጣ ማሩ መርዝ ሆኖ ተገኘ። እሷም ጠመኔ አውጥታ ክፍላችንን ወለሉ ላይ ሳለችው፤ በር እዚህ፣ መስኮት እዚህ፣ ማን የት ይተኛል እያለች። በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ የዓለምን ካርታ ዘቅዝቄ ሰቅዬ የተባረርኩት ወንድምሽ ካርታ የገባኝ ያን ቀን ነው። ከጥጉ ያለነው ተይዘናል፤ ቆራጩ፣ እኔ፣ በእኛ ፍራሽ ላይ ቀን የሚተኙትም። በሩ ሥር አፍንጫውን የቀበረው ሽማግሌ ነፃ ነው። ነርሷ እንዲህ አለች፦ «በሽታ ሰው አይመርጥም ሲባል ትሰማላችሁ። ክፍል ግን ይመርጣል። እላይ ኮረብታው ላይ፣ ቤቱ ተራርቆ ነፋስ የሚጠርገው ሰፈር፣ የማገኘው አልፎ አልፎ ነው። እናንተ ጋ ግን በየበሩ ሳንኳኳ እውላለሁ። የታፈነ ክፍል፣ የተፋፈገ ሰው፣ ታመምኩ ማለት የሚያስፈራበት ቤት ይወዳል።» ከዚያ ዞር ብላ መስኮቱን ማን እንዳሸገው ጠየቀች።

«ባለቤቱ» አሉ ሁሉም። እኔም «ባለቤቱ» አልኩ። ሽማግሌው ብቻ ቀና ብሎ አየኝ። ለካ ፊደሌን ከመጀመሪያው ለይቶታል፤ የሞነጫጨርኩበትን ጆንያ ስንት ጊዜ የጠገነው እሱ ነው። ማታ ፍራሹን ወደ መስኮቱ መለሰና «ና ተኛበት፣ አየር የሚያስፈልግህ አንተ ነህ» አለኝ። ቢሰድበኝ ምን ነበረበት! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጠዋት ሰዉ ፊት ፕላስተሩን ልጬ «የባለቤቱ ሳይሆን የእኔ ነው» አልኩ። ቆራጩ ሊስቅ ሲል ሳሉ ቀደመውና፣ ትንፋሹን እስኪሰበስብ ቆይቶ «ምነው፣ ዲጄው ጀመረ አትልም?» አለኝ። የላጥኩትን ፕላስተር ጠቅልዬ መስኮቱን ወለል አድርጌ ከፈትኩለት።

ግን እንቅልፍ የነሳኝ ይህኛው መስኮት አይደለም፤ የእማዬ ቤት መስኮት ነው። ትዝ ይልሻል፣ ስመጣ ሁላችንም አንድ ክፍል ነው የተኛነው። ድቡልቡሊትን ደረቴ ላይ አስተኝቼ ጉንጯን እየሳምኩ «በአጎቷ ወጣች» ስል ነበር። በመስኮቱ ነፋስ ገብቶ ብርድ እንዳይመታት ብዬ መዶሻ ተበድሬ መዝጊያውን በምስማር ደፈንኩት። እማዬ «እጅህ ይባረክ» አለችኝ። የሚያንገበግበኝ ያ ምርቃት ነው። እዚህ በክፋት የዘጋሁትን እዚያ በፍቅር ዘጋሁት፤ በሽታው ግን ልዩነቱን አያውቅም።

ስለዚህ እለምንሻለሁ፣ ይህ ቀልድ አይደለም፤ ደብዳቤው እንደደረሰሽ ድቡልቡሊትን ይዘሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ። እማዬንም፣ ጋሼንም፣ ራስሽንም አስመርምሪ። ሳንባ ነቀርሳ ካለበት ሰው ጋር አንድ ክፍል አድረናል በያቸው። ሳል እስኪጀምራት አትጠብቂ፤ ነርሷ እንደነገረችኝ በሕፃን ላይ ይበረታል፣ ቶሎ ከተደረሰበት ግን መድኃኒት አለው። ጎረቤት ምን ይላል ብለሽ በይሉኝታ እንዳትቀሪ። የጠየቀ ቢኖር የእኔን ስም ስጪው። ስሜ ሲጠፋ የመጀመሪያው አይደለም፣ ለምዶታል።

እኔ መድኃኒቱን ጀምሬያለሁ። ሽንቴ ብርቱካን ጭማቂ መስሏል፤ እማዬ ግን ይህን አትስማ። ነርሷ ካቦውን አስፈራርታልኝ ቦታዬ ተጠብቆልኛል። ቆራጩም እየዋጠ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ኪኒኑን የማቀብለው እኔ ነኝ። ይቅር እንዳለኝ ግን አላውቅም፣ አልጠየቅሁትምም።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝና ምርቃቷን ትንሽ እንድታቆይልኝ ንገሪልኝ። ጋሼን በእኔ አትቆጣ በይልኝ፤ ከተቆጣም ልክ ነው። ድቡልቡሊትን አሁን አልስማትም፤ ከሩቅ እጄን አውለብልቢላት። መልስሽን ስትጽፊ ሌላውን ሁሉ ትተሽ መጀመሪያ የእሷን ውጤት ጻፊልኝ። ስድቡ ከሥር ይምጣ።

ከጤና ጣቢያ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጊልኝ። ፒንሳ ከጎረቤት ተበደሪና የመስኮቱን ምስማሮች ንቀይልኝ። የላይኞቹ ቀላል ናቸው። የታችኛዋ ስመታት ጠምማለች፣ አስቸጋሪ ናት፤ እኔን እየሰደብሽ ሳቢያት፣ ትወጣለች።

የምታፍሪበት ታናሽ ወንድምሽ
ከስፌት ቤቱ ጀርባ፣ ከተከፈተው መስኮት ሥር
ሐሙስ ጠዋት፣ የካቲት ፲፩ ቀን