ስለ አለበል የዋሸ የተገዘተ ይሁን

ሰኞ፣ ጥር 5

ዛሬም ባሌን ታይፎይድ አስያዝኩት። ጠዋት ለርዕሰ መምህሩ ለአቶ ገነነ ደወልኩ። «አለበልን ሲያተኩሰው አደረ።» ይሄ እንኳ ውሸት አይደለም... መጠጥም ያተኩሳል። ከመስከረም ወዲህ ሦስተኛው ታይፎይድ ነው። ወባ ሁለቴ። ፈረስ ቤት ከተማ ያለችውን አክስቱንም ሁለቴ ቀብሬያታለሁ፤ ሴትዮዋ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ወጥታ ድንች ትሸጣለች።

የሒሳብ መምህር ሚስት መሆን እንዲህ ነው። እሱ ይተኛል፣ ስሌቱን እኔ እሠራለሁ። የትኛው በሽታ ስንት ቀን ያስተኛል?

እናቱ እማማ በለጠች ደግሞ ያስታወከበትን አንሶላ ጎረቤት ሳይነቃ አጥበው አስጥተዋል። ጨዋ ቤት ነን እኮ።

ሐሙስ፣ ጥር 8

ቡሬ ደርሼ መጣሁ። ሱስ የያዘው ሰው ያለበትን ቤተሰብ የሚያማክር ባለሙያ አለ ብላ የቢሮ ጓደኛዬ ነግራኝ ነው። ቴዎፍሎስ ይባላል። ጢሙ እንኳ በደንብ አልወጣም። ባሌን የሚያድነው ይሄ ነው? አልኩ በልቤ።

ለትምህርት ቤቱ ማን ይደውላል? ብሎ ጀመረ። «እኔ።» ያቆሸሸውን ማን ያጥባል? «እናቱ።» ለጎረቤትስ ማን ይመልሳል? «ሁለታችንም።»

«ታዲያ እሱ ለምን ብሎ ይተወዋል?» አለኝ። «ጣጣውን ሁሉ እናንተ እየጨረሳችሁለት!»

ለባሌ መድኃኒት ፍለጋ በሚኒባስ ታጭቄ ሄጄ፣ በሽተኛዋ እኔ ሆኜ ተመለስኩ። ደስ ሲል!

አንድ ነገር ግን አስደነገጠኝ። ጠዋት ጠዋት እጁ ይንቀጠቀጣል ወይ? አለኝ። አዎ አልኩ። «በራሱ ድንገት እንዳያቆም። ሊጥለው፣ ሊገድለውም ይችላል። ሐኪም ቤት ተኝቶ ነው የሚያቆመው።» እስኪ ማን ነው አለበልን ሐኪም ቤት የሚያስገባው? ከአልጋ ማውረድ ያቃተኝ እኔ?

ሰኞ፣ ጥር 12

ቃና ዘገሊላ። ባሌ በዓሉን ከካህናቱ በላይ አክብሮ፣ ሁለት ሰው ደግፎት ቤት ገባ።

ማክሰኞ፣ ጥር 13

ታይፎይድ በዛ ብዬ ዛሬ ወገቡን አሳመምኩት።

እሑድ፣ ጥር 18

ቴዎፍሎስ አድርጉ ያለን የቤተሰብ ስብሰባ ተደረገ። እሱም ከቡሬ መጣ። የነፍስ አባታችን አባ ኪዳነ ማርያምም ነበሩ። እማማ በለጠች ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ለእንግዳ ክብር ብለው ጠላ ቀዱ! መጠጥ ሊያስተዉ ለተሰበሰቡት ሰዎች... ለራሱ ለአለበልም ጭምር። «እንግዳ ተቀምጦ ባዶ ቤት ይምሰል?» ይላሉ ደግሞ። ቴዎፍሎስ ብርጭቆውን ሁሉ ሰብስቦ ጓዳ አስገባ።

ቴዎፍሎስ ያለማመደኝን ተናገርኩ። «እወድሃለሁ። ልትሞትብኝ ነው። ሕክምና ግባ።» እሱ ግን «እኔ በፈለግሁ ቀን እተወዋለሁ» አለ። መቼ ይሆን የሚፈልገው?

አባ መስቀላቸውን አወጡ። አምና አረቄ እንዳይጠጣ ገዝተውት ነበር። አክብሯል፤ በማግስቱ ወደ ቢራ ዞረ።

«አባታችን፣ ግዝቱን በእሱ ላይ አይጣሉ» አለ ቴዎፍሎስ። «በእነሱ ላይ ይጣሉልኝ።» በእኔና በእናቱ ላይ ማለቱ ነው!

አባ ትንሽ አሰቡና ነገሩ ገባቸው። አምና በቢራ ተሸውደዋልና ዘንድሮ ቀዳዳ አልተዉም። «ስለ አለበል መጠጥ በአፉም፣ በስልክም፣ በጽሑፍም፣ ራሱን በመነቅነቅም የዋሸ የተገዘተ ይሁን!» እማማ በለጠች አማተቡ። አለበል ሳቀ። የሳቀው እሱ ብቻ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥር 20

ዛሬም ሳይነሳ ቀረ። ስልኬ ጮኸ። አቶ ገነነ። እማማ በለጠች እኔን አዩ፣ እኔ እሳቸውን። ታይፎይዱ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል... ሥራውን ቢያጣስ? ያን ጊዜ እስኪሞት ነው የሚጠጣው። ግዝቱስ?

«ጠጥቶ ነው አቶ ገነነ። ሰክሮ ተኝቷል።»

«አውቃለሁ እኮ ልጄ» አሉኝ አቶ ገነነ። «አክስቱ ሞቱ ያልሽኝ ጊዜ ለቅሶ ልደርስ ፈረስ ቤት ሄጄ፣ በር የከፈቱልኝ ራሳቸው ናቸው። ምሳም አብልተውኛል።»

ምነው ምድር ተሰንጥቃ በዋጠችኝ!

ሕክምና ከገባ ቦታውን ያቆዩለታል። እስከ ሰኞ ካልገባ ግን ለወረዳ ይጽፋሉ። አለበል ለካ ከመኝታ ቤት ይሰማ ኖሯል። «ሸጥሽኝ!» ብሎ በሩን በቡጢ መታው። ፈራሁ። ሽንት ቤት ገብቼ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ? ካጠፋሁስ የቱ ነው ጥፋቴ... የዛሬው ወይስ የእስከ ዛሬው?

ዓርብ፣ ጥር 23

አያናግረኝም። እማማ በለጠች ግን ግዝቱን ወደውታል። ጎረቤት አጥር ላይ ሆና «አለበል ደህና ነው?» ብትላቸው፣ «ሰክሯል። ትናንትም ሰክሮ ነበር። ለጥምቀትማ ተይኝ!» ብለው የዓመቱን ዘረገፉት። ሦስት ዓመት አምቀውት ነዋ። አለበል ሁሉንም በመስኮት ሰማ።

እሑድ፣ ጥር 25

«የዚያ የቡሬው ልጅ ስልክ አለሽ?» አለኝ አለበል። በአምስት ቀን የመጀመሪያ ቃሉ ነው። ጠዋት የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ አቅቶት፣ እኔ ነኝ የቆለፍኩለት።

ሰኞ፣ ጥር 26

ሦስታችንም ቡሬ ሄድን። ቴዎፍሎስ የሐኪም ቤቱ በር ላይ ጠበቀን። ካርድ የምታወጣዋ ሴትዮ ቀና ሳትል «ምኑን ነው የሚያመው?» አለች። አፌ በልማድ ተከፈተ...

«መጠጥ ነው» አለ አለበል። «መተው አቅቶኝ ነው።»

በእሱ ፈንታ ስናገር ኖሬ፣ ሰውየው አፍ እንዳለው ረስቼ ነበር።

«ከጀመረው ስንት ዓመቱ?»

«ሦስት» አልኩ።

«ስምንት» አለ።

ከተጋባን አምስት ዓመታችን ነው።

ወደ እማማ በለጠች ዞርኩ። ነጠላቸውን እያስተካከሉ መሬት መሬቱን አዩ። እኔን ለማጨት ሽማግሌ የላኩ ጊዜ «ልጄ መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም» ብለው ያስነገሩት እሳቸው ናቸው። ለካ ከአቶ ገነነ በፊት ታይፎይድ የተነገረኝ እኔ ነኝ!

ነደደኝ። አምስት ዓመት ሙሉ... ቦርሳውን ግን እስከ አልጋው ድረስ ተሸከምኩለት። «ይቅርታ» አለኝ። እንደ ሌላው ጊዜ «ምንም አይደል» ልለው ነበር። አላልኩትም። «ገና ነው» አልኩት፤ እውነቴን ነው።

ሐሙስ የቤተሰብ ቀጠሮ አለን። እማማን አስቀድሜ ነው የማስገባቸው።