ቀኝ ዓይኔና የኦቦ ገመቹ ሽንኩርት

ሰኞ

ዶክተሩ ግራ ዓይኔን አስሸፍኖ ቀይ የጠርሙስ ክዳን አሳየኝ። «ምን ዓይነት ቀለም ነው?» ሲለኝ «ያደረ ሻይ» አልኩት። በግራው ሳየው እንደ በርበሬ ቀልቷል። ደነገጥኩ። ኤም አር አይ ምርመራው ላይም ታይቷል፤ የቀኝ ዓይኔ ነርቭ ውስጥ ቀጫጭን የደም ሥሮች ተቋጥረው ደም ያንጠባጥባሉ። ከስንት ሰው አንዱን የሚይዝ ነገር ነው አለኝ። ሎተሪ ደርሶኝ አያውቅም፤ ይሄ ደረሰኝ! ዝም ከተባለ እንደገና ይደማል፣ ዓይኑም ይጠፋል። ቀዶ ሕክምናውም ዋስትና የለውም። ሐሙስ ይሁን ብያለሁ።

ማክሰኞ

አዳማ፣ ቤቴ። ሻንጣ ሳዘጋጅ ትዝ አለኝና ቁጭ አልኩ። ባለፈው ሳምንት ዓለም ጤና ከተማ አጠገብ የሚያርሱትን የኦቦ ገመቹን አንድ አይሱዙ ሙሉ ሽንኩርት «ቀለሙ ገርጥቷል» ብዬ ከመጋዘኔ በር መልሻለሁ። ሽንኩርት ስመርጥ አንዱን አንስቼ፣ ግራ ዓይኔን ጨፍኜ፣ በቀኙ ብቻ ነው የማየው። የድሮ ልማዴ ነው፤ የምመጻደቅበት ልማድ! ለካ የገረጣው ዓይኔ ኖሯል።

ደወልኩ። «አካም ጅርቱ ኦቦ ገመቹ፤ ይቅር ይበሉኝ፣ ሽንኩርትዎ ደህና ነበር።» ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳቁ። «እኔ ደግሞ ማሳውን ስሰድበው ሰነበትኩ! ሽንኩርቱማ ሞጆ ላይ ተሸጧል። አንቺ ብቻ ዳኚ፣ ልጄ።» አፈርኩ። ግን ቀለለኝ።

ረቡዕ

አዲስ አበባ፣ ሆስፒታል። ይዤ የመጣሁት፦ ፒጃማ፣ ቻርጀር፣ ይህን ደብተር፣ እህቴን ሰናይትን። ከግንባሬ በላይ ያለውን ፀጉሬን ላጩኝ። ሰናይት ጴንጤ ናት፤ ክፍሉ እስኪሰማ «የዶክተሩን ቀኝ እጅ ባርክ» እያለች ጸለየች። ዶክተሩ ገብቶ በግራ እጁ ሲፈርም አየችና ቶሎ ዓይኗን ጨፍና ጸሎቱን አስተካከለች። በሳቅ ፈረስኩ።

ፈርቻለሁ ግን።

ዓርብ

አልሞትኩም። ቋጠሮው ሙሉ በሙሉ ወጥቷል አሉኝ። ፊቴ አብጧል፣ ቀኝ ዓይኔ አይገለጥም። ያያል አያይም የሚለኝ የለም። ጽሑፌ ተንጋደደ፤ ለዛሬ ይብቃኝ።

ቅዳሜ

እብጠቱ ጎደል አለ። ሾርባ ጠጣሁ። ኮሪደሩን ሁለቴ ዞርኩ፤ በራሴ እግር! ኦቦ ገመቹ ደውለው ነበር፤ ዓይኗስ ብለው። ሰናይት «ደህና ናት» አለቻቸው። ጥያቄው ሌላ፣ መልሱ ሌላ።

እሑድ

ዶክተሩ ቀኝ ዓይኔን በጣቱ ገለጥ አድርጎ ግራውን ሸፈነው። ጭጋግ ብቻ። «ምን ይታይሻል?» «ምንም» ማለት ፈራሁ። ሰናይት በሳቅ ድምፅ «አይዞሽ፣ ምን ያስቸኩልሻል!» አለችኝ። ወደ ድምፅዋ ዞርኩ። መጀመሪያ ጥላ፣ ከዚያ ትከሻ፣ ከዚያ እጅ። እጇ ጉንጯን ይጠርጋል።

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?» አልኳት።

ዶክተሩ ከዚህ በላይ ይጥራ አይጥራ በወራት ነው የሚታወቀው አለ። ሰናይት አልሰማችውም፤ በደስታ እየጮኸች ነበር።