ለቅዳሜ የተቀጠረ መርዶ

ማክሰኞ፣ ኦገስት 3፣ 2021። ኖርዝ ላስ ቬጋስ

ሺፍት አለቀ። ካዚኖው ውስጥ የጭንብል ግዴታ ተመልሷል፤ ካርድ የማድላቸው ቁማርተኞች አገጫቸውን ከኮቪድ እየጠበቁ ነው። ቲፕ ደካማ። አይ-15 ላይ አደጋ፣ መንገድ ዝግ። የመኪናው መሪ እንደ ምጣድ ያቃጥላል። በር ላይ ፓርክ አድርጌ ሞተሩን ሳላጠፋ ስልክ።

ግርማ ነው፣ የፀዳለ ወንድም፣ ከአዳማ። ግርማ ደውሎልኝ አያውቅም።

እናታቸው እማማ በለጡ አርፈዋል። እሑድ። ተቀብረዋል። ኮቪድ ነው የሚል አለ፣ ልብ ነው የሚል አለ። ለፀዳለ አልተነገራትም። ስዊድን ውስጥ ብቻዋን ናት፣ በስልክ እንዴት ይነገራል? «እናታችን ፀበል ገብታለች፣ እዚያ ስልክ አይፈቀድም» ብለዋታል። እኔ ደግሞ በወረርሽኙ ስንት ጊዜ ያራዘምኩትን ትኬት ቆርጬ ልጠይቃት ልሄድ ነው። እግዚአብሔር ነው ያዘጋጀሽ አለኝ። እግዚአብሔር እኔን ሲያዘጋጅ አማክሮኝ አያውቅም፤ ልማዱ ነው።

እዚያ ያሉ ሐበሾችን ሰብስቤ፣ ማልጄ፣ በወጉ እንዳረዳት። እሺ አልኩ።

ሌላም አለ። እማማ በለጡ በመጨረሻቸው ፀዳለን ሲጠሩ ነበር። ደጋግመው። ይሄን ግን መቼም አትንገሪያት አለ፣ ይገድላታል። ለዚህም እሺ አልኩ።

ማስታወሻዬ፣ አንቺ እማማ በለጡን አታውቂያቸውም። ዩኒቨርሲቲ እኔና ፀዳለ አንድ ዶርም ነበርን። ዳቦ ቆሎ ሲልኩ በሁለት ፌስታል ነው የሚልኩት፤ በአንዱ ላይ የእኔ ስም ይጻፍበታል። ኤሲው ፊቴ ላይ እየነፋ አለቀስኩ። ቤንዚን አለቀ እንጂ እንባው አላለቀም።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 7

ፀ. ፎቶ ላከች። ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ግብዣ ላይ ናት። ስዊድኖች በኦገስት ጊንጥ የሚመስል ቀይ የውኃ ፍጥረት ቀቅለው፣ የወረቀት ባርኔጣ አድርገው፣ እየዘፈኑ ይበላሉ። ማንም አላስገደዳቸውም። ፀ. ባርኔጣ አድርጋ፣ አፏን ከፍታ ትስቃለች። ከሥሩ፦ ፍልሰታ ስለሆነ የቀመስኩት ባርኔጣውን ብቻ ነው።

ምን ልመልስ? ዓመታት ቁማርተኛ ፊት ቆሜ ኖሬያለሁ። ፊቴን መዝጋት የሚከፈለኝ ሥራ ነው። ልብ ላክሁላት። ቀይ ልብ።

እሑድ፣ ኦገስት 15። ቬስተሮስ፣ ስዊድን

ከስቶክሆልም በባቡር አንድ ሰዓት ያህል። ጭንብል ያደረገ የለም፤ አጠገብ የሚቀመጥም የለም። ወረርሽኙ ሳይመጣም እንዲህ ነበሩ አለችኝ ፀ.።

ያነበብኳቸው የሰሜን አገር ልብ ወለዶች በሙሉ በረዶ ላይ በተገኘ ሬሳ ነው የሚጀምሩት። እዚህ ግን ፀሐይ ነው፣ አበባ ነው፣ ብስክሌት ነው። ሬሳውን ይዤ የመጣሁት እኔ ነኝ።

ጣቢያው ላይ አቅፋኝ ዞረች። ምነው ፊትሽ፣ ቁማር ተበልተሽ መጣሽ እንዴ አለችኝ። ድካም ነው አልኩ።

ቤቷ ሁለት ክፍል ነው። አንዱን ለእናቷ አዘጋጅታዋለች። አዲስ አንሶላ። መስቀያው ላይ የዋጋ ወረቀቱ ያልተቆረጠለት ሰማያዊ ካፖርት፣ ለክረምቱ። የጥሪ ወረቀቱን አስገብታለች፤ ቪዛው ብቻ ነው የቀረው።

«አልጋውን አንቺ አሟሺው» አለችኝ። «እማዬ ስትመጣ ትመርቅሻለች።»

ጋደም አልኩበት። መተኛት ሌላ ነገር ነው።

ሰኞ፣ ኦገስት 16

እዚህ አገር ዓመቱ የሚቆጠረው በሳምንት ነው። ሳምንት 33 ላይ ነን። ፀ. ሐኪሟ ጋ ሳምንት 35 ትሄዳለች፣ ከጓደኛዋ ጋር ሳምንት 37 ሻይ ትጠጣለች። ሻይ። ያውም እዚሁ ሕንፃ ውስጥ ከምትኖር ጎረቤቷ ጋር።

አውቶቡሱ ሰሌዳው ላይ በተጻፈው ደቂቃ ይመጣል፤ ዘገየ ብሎ የሚያማው ሰው ስለሌለ አውቶቡስ ውስጥ ወሬ የለም። ሁሉም ካፌ የአጃ ወተት አለው። ስዊድን ሳታውቀው ስትጾም ትኖራለች።

ልብስ ማጠቢያው ምድር ቤት ነው፣ ለሕንፃው ሁሉ በጋራ። ግድግዳው ላይ ሰሌዳ አለ፤ እያንዳንዱ ቤት ትንሽ ቁልፍ አለው፣ የሚፈልገው ሰዓት ላይ ይቆልፋታል። ፀ. አንዴ በጥቂት ደቂቃ አሳልፋ ላርስ የሚባል ሽማግሌ ጎረቤት ቅርጫቱን ታቅፎ በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን አየ። ምንም አላለም። በዚህ አገር የገጠመኝ ከባዱ ጠብ እሱ ነው አለች። የእኛ ተራ ሐሙስ ነው።

ፀ. ሥራ ስትሄድ (አረጋውያን ቤት ተንከባካቢ ናት) ግርማ ስልክ ወደሰጠኝ ሰዎች ደወልኩ። ስቶክሆልም ያሉ ሦስት ሰዎች። ትልቋ ወ/ሮ ሙሉ ናቸው፣ ቤተ ክርስቲያን ፀዳለን ያውቋታል። ከልባቸው አዘኑ። ግን ነገ አንዷ ሥራ አላት፣ ረቡዕ አንዱ ሐኪም ቀጠሮ አለው። ቅዳሜ ይመቸናል፣ በመጀመሪያው ባቡር። እኔም ቅዳሜን ቆለፍኩ። መርዶ ቀጠሮ ተያዘለት። ሳምንት 33።

ረቡዕ፣ ኦገስት 18

ጫካ ሄድን። የማንም ጫካ ቢሆን ገብቶ የዱር ፍሬ መልቀም ይፈቀዳል። ዘበኛ የለም፣ የማን ልጅ ነሽ የሚል የለም። ጣታችን ወይን ጠጅ ሆነ። ፀ. እያንጎራጎረች ትለቅማለች። ማታ ያለ ስኳር ጃም ሠራችው፤ እማዬ ስኳር አለባት አለች። ማሰሮውን እያማሰልኩ ረዳኋት። ስሚኝ ማስታወሻዬ፣ አማሰልኩ።

እራት ላይ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ይሄን ያህል ጊዜ ስልክ የማያስገባ ፀበል የት ነው ያለው? ግርማ ስጠይቀው ይቆጣል። ደክማ ይሆናል፣ ደብቀውኝ ይሆናል። ሄጄ ራሴ አወጣታለሁ፤ ነገ አለቃዬ ከፈቀደችልኝ ትኬቱን እቆርጣለሁ።

ቅዳሜ እንዴት ይደርሳል?

ሐሙስ፣ ኦገስት 19

አልደረሰም።

ምድር ቤት ነን። ማሽኖቹ ይዞራሉ። አለቃዋ ፈቅዳለች። የአዲስ አበባውን ትኬት በስልኳ ታሳየኛለች፤ በኢስታንቡል በኩል፣ ነገ ማታ። ጣቷ መክፈያው ላይ ነው። ማለዳ አይደለም፣ ሰው አልተሰበሰበም፣ ነጠላ የለኝም። በእጄ ያለው እርጥብ ፎጣ ነው።

«አትክፈዪ» አልኳት።

«ለምን?»

«ፀዲዬ፣ እማማ በለጡ አርፈዋል።»

አልጮኸችም። ስልኩን ማድረቂያው ላይ ደፍታ አስቀመጠችው። መቼ አለች። ነገርኳት። ቀኖቹን ወደ ኋላ ስትሄድባቸው ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አንዱ ቀን ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ባርኔጣ አድርጌ ፎቶ ስልክልሽ ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«ልብ ነው የላክሽልኝ።»

ከዚያ የተናገረችውን እንዳለ ልጻፈው። «እኔ ሥራ ቦታ ሰው ሲሞት በዚያው ሰዓት ነው ለልጁ የምደውለው። እናትዎ አሁን አረፉ እለዋለሁ። ያለቅሳል፣ ያመሰግነኛል፣ መጥቶ እጇን ይይዛል። የማላውቀው ፈረንጅ ነው። ለማላውቀው ፈረንጅ የማደርገውን እናንተ ለእኔ ከለከላችሁኝ። እናቴ አፈር ውስጥ ሆና እኔ ጃም እሠራላታለሁ።»

ወግ ነው እንዳልላት፣ ወጉን ታውቀዋለች። አዲስ አበባ ሳለን እሷም ነጠላዋን ተከናንባ በማለዳ የሰው በር አንኳኩታለች።

ቀጥላ ጠየቀችኝ።

«ጠርታኝ ነበር?»

«አይ። በእንቅልፋቸው ነው ያረፉት።»

እኛ ዲለሮች፣ ካርድ አዳዮቹ፣ ከጠረጴዛ ስንነሳ ምንም አልያዝንም ለማለት መዳፋችንን ከፍተን፣ ገልብጠን ለካሜራው እናሳያለን። መልሼ ሳበቃ እጆቼን አየኋቸው። ተከፍተዋል።

ያኔ አለቀሰች። ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ጀርባዋን ማሽኑ ላይ አስደግፋ። ማሽኑ ሲጨምቅ እሷም አብራ ትንቀጠቀጣለች። ተራችን አልፎ ላርስ ቅርጫቱን ታቅፎ መጣ። እኛን አየ። ሰዓቱን አየ፣ ልማድ ነው። ቅርጫቱን አስቀምጦ በሩን በቀስታ ዘጋልን፣ ሄደ።

ማምሻውን ልብሳችን በራችን ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተጣጥፎ። የውስጥ ልብስ ሳይቀር አራት ማዕዘን። በአገሩ ደንብ ለቅሶ ደርሷል።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 21

ቀጠሮውን መሰረዝ ረሳሁ። ወይም አልረሳሁም፣ ፈራሁ።

በመጀመሪያው ባቡር መጡ፣ ጥቁር ለብሰው። ፀ. ራሷ ከፈተችላቸው፣ እሷም ጥቁር ለብሳ። ወ/ሮ ሙሉ አንድ ጫማቸውን አውልቀው፣ በአንዱ ቆመው፣ ልቅሶው ጉሮሯቸው ላይ ደርሶ፣ ግራ ገባቸው። ነግሬያታለሁ አልኳቸው በጆሯቸው።

«ታዲያ እኛ ለምን መጣን?» አሉ። በጆሮዬ አልነበረም።

ፀ. ሦስቱንም በተራ አየቻቸው። «እናንተም ታውቁ ነበር?»

ሁሉም ጫማው ላይ አቀረቀረ።

«አዳማ ያውቃል፣ ስቶክሆልም ያውቃል፣ ላስ ቬጋስ ያውቃል። የማላውቀው እኔ ልጇ ብቻ ነኝ።»

ገብተው ተቀመጡ። አለቀሱ። እማማ በለጡን አይተዋቸው የማያውቁት ወ/ሮ ሙሉ ከሁሉም አስበልጠው አለቀሱ፤ የራሳቸውን እናት መርዶ ሲሰሙ ያላለቀሱት ለቅሶም እንዳለበት ገባኝ። ፀ. ሻይ ቀዳች። እንግዳ እንደምታስተናግድ ሰው። እንባ የላትም። የመልሱ ባቡር ሰዓት ሲደርስ እኔን ያልተሰናበቱኝ ወ/ሮ ሙሉ ብቻ ናቸው፤ ወጉን አበላሽቼባቸዋለሁ። የሚቀየመኝ ሰው በሁለቱም በኩል አለ ማለት ነው።

ረቡዕ፣ ኦገስት 25። ላስ ቬጋስ

ፀ. ጣቢያ ድረስ ሸኘችኝ። ባቡሩ ሲመጣ ሰማያዊውን ካፖርት እጄ ላይ አደረገችልኝ። ውሰጂው፣ ቤት ውስጥ አልየው አለች። አላቀፈችኝም። እጄን ጨበጠች፣ እንደ ስዊድን።

ቬጋስ 43 ዲግሪ። አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ የቁማር ማሽኖቹ ይዘፍናሉ። የክረምት ካፖርት ታቅፌ አለፍኳቸው። ታክሲ ነጂው የት ልትሄጂበት ነው አለኝ። ተመልሼ ነው አልኩት።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 11

ዛሬ እንቁጣጣሽ። ለፀ. መልካም አዲስ ዓመት ጻፍኩ። አጠፋሁ፣ ለሐዘንተኛ ምን መልካም አለው? እንዴት ነሽ ብዬ ላክሁ። አይታዋለች። መልስ የለም።

እዚሁ ቬጋስ፣ ሰንራይዝ ማነር ሰፈር ያሉ ያገር ልጆች ጠርተውኝ ሄድኩ። ስዊድን እንዴት ነው ሲሉኝ ንጹሕ ነው አልኩ።

ግርማ ደወለ። ተገላገልን፣ እግዜር ይስጥሽ አለኝ። እናቴ ጠርታኝ ነበር ወይ ብላ ጠይቃኝ ዋሸኋት አልኩት። እንኳን ዋሸሽ አለ፤ ምን ይጠቅማታል? ከዚያ ስልኩ ላይ አለቀሰ። እናቱ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ለዚያ ጥሪ መልስ ሲሰጥ የነበረው እሱ ነው፤ እስካሁን ብቻውን ተሸክሞታል። ለእሱስ ማን ለቅሶ ደረሰ?

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 19፣ ረፋድ

የሥራ ሸሚዜን እየተኮስኩ ነበር። ከፀ. የድምፅ መልእክት። አጭር። ሁለት ጊዜ ሰማሁት።

«ሂሩት፣ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ስትመልሽልኝ ፊትሽ የሥራ ፊትሽ ነበር። ጠርታኝ ነበር? ስትነግሪኝ ሰው አትሰብስቢ።»

ካውያውን ነቀልኩ። ሱፐርቫይዘሬ ጋ ደውዬ ዛሬ አልገባም አልኩ። አመመሽ ወይ አለኝ። አዎ አልኩ፣ ውሸት አይደለም።

ማስታወሻዬ፣ ቃሉ እንዳይጠፋብኝ መጀመሪያ ለአንቺ። ግርማ እንደነገረኝ፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር እማማ በለጡ አንገታቸውን ቀና አድርገው «ፀዲ ናት?» ይሉ ነበር። ነርስም ትሁን፣ ጎረቤትም ይሁን፣ ነፋስም ይሁን። ግርማ «መንገድ ላይ ናት» ይላቸዋል። «ትድረስ፣ አታጣድፏት» ብለው ይተኛሉ። የመጨረሻ ቃላቸው ይኸው ነው፣ አታጣድፏት።

ግርማ ይቀየመኛል። ይቀየመኝ። እንዳለ እነግራታለሁ፣ ሳልቀንስ፣ ሳላለዝብ። ትዝጋብኝ፣ ትጩኽብኝ፣ መስመሩ ላይ እቆያለሁ።

ስዊድን መሽቷል። ነገ ማለዳ ሥራ ትገባለች፣ ልትተኛ ይሆናል። እስኪነጋ አልጠብቅም።