ሰነዱ የተሟላ፣ ገንዳው የደረቀ ሆቴል ስለመረጡልን

ለተከበሩ የመሥሪያ ቤታችን የሠራተኞች ዕረፍት ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

ክቡር ሆይ፣ እርስዎ፣ ባለቤትዎና መላው ቤተሰብዎ በዚህ አጥንት በሚሰብር ብርድ እንደምን ሰንብታችኋል? ሳል እንዳይነካዎት፣ ጉልበትዎን እንዳይቆረጥምዎትና ከወንበርዎ ለአንድ ቀንም ቢሆን እንዳይለዩን ከልብ እየተመኘሁ፣ ይህን ደብዳቤ ሠራተኛው ሁሉ እንዲያነበው በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፌአለሁ። እኔ ምድር ቤት ያለሁት የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ነኝ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ፊርማዎ እንጂ እግርዎ ወደ ታች ወርዶ ስለማያውቅ፣ መልኬን ባያስታውሱት አልቀየምም።

ጉዳዬ በብርዱ ወራት አሥር ሠራተኞች ከነትዳር ጓደኞቻቸው ለአምስት ቀን ስለሚላኩበት የተራራ ላይ ፍል ውሃ ሆቴል ነው። ዘንድሮ ዕጣው ለእኔ ወጣ። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት። ሠላሳ ዓመት የስፌት መኪናዋ ላይ አቀርቅራ ኖራ፣ ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ ብርድ በገባ ቁጥር ጣቶቿ ጭብጥ ብለው አልዘረጋም ይሏታል። መርፌ ማስገባት ቀርቶ የገዛ ካፖርቷን መቆለፍ ተስኗት እኔ ነኝ የምቆልፍላት። ሐኪሙ ፍል ውሃ ያስፈልጋታል ስላለ፣ ዕጣው የወጣ ዕለት ሻንጣዋን አዘጋጅታ በር ላይ አቆመችው፤ መሄጃችን ግን ገና ሁለት ሳምንት ይቀረው ነበር። ይህን የምጽፈው እንዲያዝኑልን ሳይሆን፣ ለሽርሽር ብቻ እንዳልሄድን እንዲያውቁልኝ ነው።

አንደኛ፣ ለምርጫው ጥንቃቄ ምስጋናዬ ወደር የለውም። ኮሚቴዎ ወንበርና ቁምሳጥን በምንገዛበት ቅጽ ሆቴል መምረጡን ሰነዶቹን ቁጥር ሰጥቼ ያቀረብኩት እኔው ስለሆንኩ በሚገባ አውቃለሁ። አንደኛ የወጣው ሆቴል አሥራ ዘጠኝ ገጽ፣ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ማኅተም ያረፈበት ሰነድ አቀረበ። ሁለተኛው በአንዱ ገጽ ላይ ማኅተሙ ግማሹ ጠርዝ ላይ ስለወደቀ ከውድድሩ ተሰናበተ። የአሸናፊው አሥራ አንደኛ ገጽ ደግሞ የፍል ውሃ ገንዳው በብርዱ ወራት ለጥገና ዝግ መሆኑን በአክብሮት የሚያሳውቅ ደብዳቤ ነበር። ኮሚቴው ለዚህ ገጽ ሙሉ ነጥብ ሰጥቶ፣ በቃለ ጉባኤው ላይ ሰነዱ ተሟልቷል ብሎ ጻፈ። እኔም ብሆን ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም፤ ቁጥሩን አሥራ አንድ ብዬ ጽፌ ቃሉን ሳላነብ አሳልፌዋለሁ። ይህን ሳስበው እስከ ዛሬ ፊቴ ይቀላል።

ሁለተኛ፣ ስለ ክፍሉ አቀማመጥ። መስኮታችን ፊት ለፊት ገንዳውን ያሳያል። ገንዳው ውስጥ አንድ መሰላል፣ ደረቅ ቅጠልና የተኛች ድመት ነበሩ። ከአልጋው በላይ በተሰቀለው ፎቶ ግን ሰዎች በእንፋሎት ተከበው ይስቃሉ። ባለቤቴ ፎቶውን አየች፣ ገንዳውን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሦስተኛ፣ ለአቤቱታ ስወርድ የእንግዳ መቀበያዋ ሠራተኛ በፍጹም ትሕትና የአሥራ አንደኛውን ገጽ ቅጂ፣ የእኔው የመዝገብ ቤት ማኅተም አርፎበት፣ አሳየችኝ። የገዛ ማኅተሜን አይቼ ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ባለቤቴ የሆቴሉ ወጥ ቤት ውስጥ፣ በሽንኩርት ከረጢቶች መካከል ተቀምጣ፣ ደጓ ወጥ ሠሪ ውሃ እያሞቀች በምትሰጣት ሳፋ እጇን ስትነክር ዋለች። ውሃው ቶሎ ይበርዳል፤ ወጥ ሠሪዋም ሥራ አለባት።

አራተኛው ቅሬታ አይደለም። በሦስተኛው ቀን ማኅተሙ ጠርዝ ላይ ወደወደቀበት ሆቴል፣ ለአንድ ሰዓት እንኳ ያስገቡን እንደሆነ ለመለመን ሄድን። ጥበቃው አዝኖልን አስገባን። እንፋሎቱን ገለጥ አድርጌ ባይ፣ ፎጣ ጭንቅላትዎ ላይ ጣል አድርገው፣ እስከ አንገትዎ ተነክረው፣ ከባለቤትዎና ከአማትዎ ጋር ተቀምጠው አገኘሁዎት። ከመዝገብ ቤት መሆኔን እንደነገርኩዎት፣ ሰላምታዬን እንኳ ሳልጨርስ ለክትትልና ግምገማ መምጣትዎን ነገሩኝ። በሥራ ዘመኔ እንዲህ ጠልቆ የተገባበት ግምገማ አላየሁም። ለባለቤቴ ቦታ ስለለቀቁላት ግን፣ ቀልዴን ትቼ፣ አመሰግናለሁ።

ባለቤቴ አንድ ሰዓት ቆይታ ስትወጣ የካፖርቷን ስድስት ቁልፎች ራሷ ቆለፈች። ልረዳት እጄን ስዘረጋ፣ «ተው፣ እኔው» አለችኝ። እንደ ሞኝ ቆሜ እየቆጠርኩ እንባዬ መጣ። ይህ የአንድ ሰዓት ውሃ ሥራ ነው። አምስቱን ቀን ብታገኝ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ ያንገበግበኛል። ስለዚህ ልመናዬ አንድ ብቻ ነው፦ ለከርሞ ቅጹን ከመሙላትዎ በፊት አንድ የኮሚቴ አባል ሄዶ እጁን ውሃው ውስጥ ይንከር። እጁ ከሞቀው ይፈርም።

የእርስዎን ረጅም ዕድሜ፣ የኮሚቴዎን የማያልቅ ስብሰባና የቅጾችዎን መብዛት ዘወትር የሚመኝ፣ ትእዛዝዎን ቁጥር ሰጥቶ በክብር የሚያስቀምጥ፣

የምድር ቤቱ መዝገብ ያዥ

ማሳሰቢያ፦ ያን ዕለት ከገንዳው በጥድፊያ ሲወጡ ረስተውት የሄዱትን የግራ እግር ነጠላ ጫማ ጥበቃው ለእኔ አስረክቦኛል። በገቢ መዝገብ ላይ አስፍሬ መደርደሪያ ላይ አኑሬዋለሁ። ለመውሰድ ሲፈልጉ የቀኝ እግሩን ለማመሳከሪያ ይዘው፣ ጫማዎ እዚያ ሆቴል እንዴት ሊገኝ እንደቻለ ከሚያስረዳ የኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ጋር ብቅ ይበሉ።